የአያት ውጅግራ ለአዲስ ጥይት ይቀየር?

በአቃቂ ቃሊቲ የብረታ ብረት ሥራ የቆየ ሙያ ነው። ጎበዝ የቶርኖ ባለሙያ የአሮጌ አደን ጠመንጃን የጥይት ማጉረሻ አስፍቶ ሌላ ቀለህ ማስገባት አያቅተውም። መጠየቅ ያለበት ግን ጠመንጃው አዲሱን ጥይት ይችለዋል ወይ የሚለው ነው።

ውጅግራን እንውሰድ። ፈረንሳይ በ1874 እ.ኤ.አ. ያወጣችው ይህ ጠመንጃ የተሠራው ለ11 ሚሊ ሜትር ጥይትና ለጥቁር ባሩድ ነው። ሲተኮስ መዝጊያውን አጥብቆ የሚይዘው የእጀታው ሥር ብቻ ነው። የጭስ አልባ ባሩድ ግፊት ደግሞ ከጥቁሩ እጅግ ይበልጣል። መዝጊያው ከለቀቀ ወደ ተኳሹ ፊት ይመለሳል።

እንዲህ ያለውን ቅየራ ጣሊያን ሞክራዋለች። ወታደሮቿ አድዋ ላይ የያዙትን ባለ10.4 ሚሊ ሜትር ቬተርሊ፣ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ አፈሙዙን በውስጥ ቱቦ አጥብባ ለ6.5 ሚሊ ሜትር ጥይት ቀየረችው። መዝጊያው የጥንቱ ስለነበር ለአዲሱ ግፊት ደካማ ሆነ።

ስለዚህ ባለሙያ አስቀድሞ የመዝጊያውን አቅም፣ የአፈሙዙን ዝገትና ስንጥቅ ይመረምራል። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012ም አለና ከሥራው በፊት ፈቃዱ መጣራት አለበት።

ለጥቁር ባሩድ የተሠራ ጠመንጃ ለዘመናዊ ጥይት መቀየር የለበትም። ውጅግራ ያላችሁ፣ እንዳለ ጠብቁት።