የኮንዶሚኒየም ድጎማ ከማን ኪስ ይወጣል?

እንጀራ የምትሸጥልኝ ጎረቤቴ የቁጠባ ደብተሯን በላስቲክ ጠቅልላ ነው የምታስቀምጠው። በ2005 ዓ.ም. ለባለ አንድ መኝታ ቤት ተመዝግባ በየወሩ 274 ብር ስታስገባ ቆይታለች። ያልከፈልሽበት ወር አለ ወይ ብላት ተቆጣችኝ። ዕጣው እስካሁን አልወጣላትም። ባለፈው ሰሞን እንጀራውን እየቆጠረች፣ «ጋሼ፣ ቤቱን መንግሥት ነው የሚደጉመን ወይስ እኛ ነን መንግሥትን የምንደጉመው?» አለችኝ። ቆሜ አሰብኩበት፤ አሁንም እያሰብኩበት ነው።

የገንዘቡ መንገድ እንዲህ ነው። ኮንዶሚኒየም በ1996 ዓ.ም. በቦሌ ገርጂ ከተሞከረ በኋላ በሰፊው ሲሠራ የከተማ አስተዳደሩ ቦንድ ያወጣል፣ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ይገዛዋል፣ ሕንፃው በዚያ ገንዘብ ይቆማል። ዕጣ የወጣለት ሰው በ20/80 መርሐ ግብር 20 በመቶውን ከፍሎ ለቀሪው ከዚያው ባንክ የረጅም ጊዜ ብድር ይወስዳል፤ በዚህም የከተማው የቦንድ ዕዳ ይቃለላል። ዕዳው ከማዘጋጃ ቤት ትከሻ ወርዶ በቤተሰቡ ትከሻ ላይ ያርፋል ማለት ነው።

ዕዳው ከከተማው የሚወርደው ግን ቤቱ ሲተላለፍ ብቻ ነው። ግድግዳው ተለስኖ፣ መስኮቱ ገብቶ፣ ውኃና መብራት ስላልደረሰው ብቻ ተዘግቶ የቆመ ብሎክ ያላየ የአዲስ አበባ ሰው ያለ አይመስለኝም። ያ ብሎክ ዝም ብሎ አልቆመም፤ ወለድ ይቆጥራል። ነዋሪ ስላልገባበት የሚከፍል ባለ ብድር የለውም። የሚከፍለው የከተማው ካዝና ነው፤ ማለትም ከሱቅ ግብር፣ ከደመወዝ ግብር፣ ከሊዝ የሚሰበሰበው ብር።

ድጎማው ታዲያ የቱ ላይ ነው? አንደኛው መሬቱ ነው። በሊዝ ጨረታ ቢወጣ ከፍተኛ ገንዘብ የሚያስገባ ቦታ ለኮንዶሚኒየም በነፃ ይሰጣል። ወደ ግቢው የሚገባው መንገድ፣ የውኃና የፍሳሽ መስመሩም በቤቱ ዋጋ ውስጥ አይሰላም። ምድር ቤት ያሉት ሱቆች በጨረታ ተሽጠው የመኖሪያውን ወጪ በከፊል ያካክሱ ነበር፤ እኔ ከሁሉም ብልህ የምለው ይህን ነው። የመሬቱ ድጎማ ታዲያ በከተማው በጀት ላይ ይታያል? የአዲስ አበባ በጀት በ2016 ዓ.ም. ወደ 140 ቢሊዮን ብር ነበር፤ በ2018 ዓ.ም. 350 ቢሊዮን ብር ደርሷል። አብዛኛው ከነዋሪው የተሰበሰበ ነው። ከሊዝ ሳይሰበሰብ የቀረው የነዚያ መሬቶች ዋጋ ግን ከወጪ ተራ አይገባም። ያልተጻፈ ድጎማ ደግሞ ስንት እንደሆነና ለማን እንደደረሰ ጠያቂ የለውም።

የጎረቤቴ ጥያቄ እዚህ ላይ ይመለሳል። በየወሩ ያስገባችው ብር ባንክ ተቀምጦ ያገኘው ወለድ ከዋጋ ንረቱ በታች ነው። በ2014 ዓ.ም. ንረቱ ከ30 በመቶ አልፎ ነበር። ሲሚንቶና ብረት በየጊዜው ጨመረ፤ በሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ ደግሞ ከውጭ የሚገባው ዕቃ ሁሉ ዋጋው ሌላ ሆነ። ስትመዘገብ የተነገራት የቅድሚያ ክፍያና ዛሬ ዕጣ ቢወጣላት የምትጠየቀው አይገናኙም። ባንኩ በርካሽ የያዘው ገንዘብ የእሷ ነው። ስለዚህ አዎ፣ ዕጣ እስኪወጣላት ድረስ ደጓሚዋ እሷ ናት። ዕጣ የወጣለት ጎረቤቷ ደግሞ መሬቱንም መሠረተ ልማቱንም በአንድ ቀን ያገኛል፤ ብዙዎች ቤቱን አከራይተው ብድሩን በኪራዩ ይከፍላሉ። አልፈርድባቸውም፤ ከከተማው ዳር ቦሌ አራብሳ ገብተው መርካቶ እየሠሩ መኖር ቀላል አይደለም። ቅር የሚለኝ ለዕጣው የሚበቃ ቁጠባ ጨርሶ የማይችለው፣ አንዲት ክፍል ተከራይቶ የሚኖረው የቀን ሠራተኛ ከዚህ ሁሉ ድጎማ አንዲት ሳንቲም የማይደርሰው መሆኑ ነው።

የከተማው ምክር ቤት የሚቀጥለውን በጀት ሲያጸድቅ አንድ ገጽ ይጨመርለት ዘንድ እጠይቃለሁ። በዓመቱ ለቤት የተሰጠው መሬት በሊዝ ዋጋ ስንት ያወጣ ነበር፣ ለመሠረተ ልማቱ ስንት ወጣ፣ ተዘግተው ለቆሙ ብሎኮች ስንት ወለድ ተከፈለ፣ ስንት ቆጣቢ ከ2005 ጀምሮ እየጠበቀ ነው።