የጓሳ ጠባቂዎች

በመንዝ አገር ወደ አንድ የሣር ቤት የገባ ሰው ቀና ብሎ ክዳኑን ቢመለከት፤ የሚያየው ጓሳ የተባለውን ሣር ነው። ገመዱም ከጓሳ ይገመዳል፤ እረኛው በክረምት ዝናም የሚደርበው ገሳም ከዚሁ ሣር ይሠራል። ለቤተ ሰብ በተመደበው በዚህ ገጽ ስለ ዱር አውሬ ለመጻፍ ስንነሣ፤ ወሬያችንን ከቤት ክዳን መጀመራችን አንባቢዎቻችንን አያስደንቅ፤ ነገሩ በእውነት የተጀመረው ከዚያ ነውና።

ጓሳ በሰሜን ሸዋ የሚገኝ፤ ስፋቱ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል የሆነ፤ ከፍታውም ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር የሚደርስ ውርጫም ምድር ነው። የመንዝ ሰዎች በ17ኛው መቶ ዓመት ይህን ምድር የጋራ አድርገው፤ ቄሮ የተባለ የጥበቃ ሥርዓት አቆሙለት። በዚህም ሥርዓት ሣሩ ሦስት ዓመት፤ አንዳንድ ጊዜም አምስት ዓመት ድረስ ይዘጋ ነበር፤ ከብት አይሰማራበትም፤ ማጭድም አይነካውም። ጠባቂዎቹ ደመወዝተኞች አልነበሩም፤ ጉልበት ያለው ወንድ ሁሉ በየአጥቢያው ተራ እየገባ ይጠብቃል፤ ደንቡን ጥሶ የተገኘም ብርቱ ቅጣት ያገኘዋል። ሣሩ የደረሰ እንደ ሆነ ሽማግሌዎች ተመካክረው በበጋ ይከፍቱታል፤ ያን ጊዜ ሕዝቡ ማጭዱን ይዞ ይወጣል።

እውነቱን ለመናገር፤ እነዚያ አባቶች ይህን ሁሉ ያደረጉት ለአውሬ አዝነው አይመስለንም። ያዘኑት ለቤታቸው ክዳን ነው። ነገር ግን ሣሩ በተጠበቀ ጊዜ በሣሩ ውስጥ የሚኖረውም አብሮ ተጠበቀ። ከኢትዮጵያ በቀር በሌላ አገር የማይገኙት ጭላዳና ቀይ ቀበሮ በዚያ እስከ ዛሬ አሉ። ጭላዳ ከዝንጀሮ ዘመዶቹ ተለይቶ ሣር እየነቀለ የሚበላ ነው፤ ቀይ ቀበሮ ደግሞ ምግቡ አብዛኛውን ጊዜ አይጥ ነው። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2015 ዓ.ም. የወጣ አንድ ጥናት በጓሳ የታየውን የሁለቱን ጉርብትና ይገልጻል፤ ቀበሮው በጭላዳ መንጋ መካከል ሆኖ ሲያድን ከመቶው 67 ጊዜ ይቀናዋል፤ ብቻውን ሲያድን ግን 25 ጊዜ ብቻ ነው። የጭላዳዎቹንም ግልገሎች አይነካም ማለት ይቻላል። ይህን ስናነብ ከሰው ጎረቤቶች ስንቱ እንዲህ ይታመናል ብለን መሳቃችን አልቀረም።

በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ በወጣ ጊዜ የቄሮ ሥርዓት ፈረሰ። ጠባቂ የሌለው የጋራ መሬት ምን እንደሚሆን የታወቀ ነው፤ የቻለ ሁሉ አጨደ፤ የቻለ ሁሉ አሰማራ። የመንዝ ገበሬዎች ግን ነገሩን ፈጽሞ አልተዉትም፤ ኋላ የአካባቢው ሰዎች ኮሚቴ አቁመው፤ ደንብ አውጥተው፤ ሣሩን እንደገና መዝጋትና መጠበቅ ጀመሩ። ዛሬ ሥፍራው የማኅበረ ሰብ ጥብቅ ሥፍራ ተብሎ ይታወቃል። ሥራው ቀላል ነው ብለን አንጽፍም፤ ክዳኑ የሚያፈስበት፤ ማገዶም ያለቀበት ሰው የተዘጋውን ሣር እያየ ማለፉ ከባድ ነገር ነው፤ ደንቡም የሚጸናው በእርሱ ትዕግሥት ነው።

አሁን ደግሞ ሌላ ጭንቅ አለ፤ እርሱም ከየቤታችን የሚወጣ ነው። በዓለም የቀሩት ዐዋቂ ቀይ ቀበሮዎች 500 አይሞሉም። በ1996 ዓ.ም. ገደማ የእብድ ውሻ በሽታ በባሌ ወደ ዌብ ሸለቆ ገብቶ፤ በዚያ ከሚታወቁት ቀበሮዎች ከአራቱ እጅ ሦስቱን ያህል ፈጀ። በሽታውን ወደ ቀበሮዎቹ የሚያደርሰው የቤት ውሻ ነው። ስለዚህ በደጋው መንደር የምትኖሩ እናቶችና አባቶች፤ ውሻ አስከታቢዎች በመጡ ቀን ውሻችሁ ከእረኛው ጋራ ወደ ሜዳ እንዳይወጣ ከጧት ጀምሮ እሰሩት፤ ቡችሎቹንም አትርሱ።