የዶሮ እግር ውስጥ ያለው ገመድ

የበዓል ዋዜማ ላይ ዶሮው ታርዶ ላባው ሲነጭ እኛ ልጆች የምንጠብቀው ወጡን ብቻ አልነበረም። እናታችን ቆርጣ የምትጥላቸው ሁለት ቅርፊታም እግሮች ነበሩ። ከተቆረጠው ጫፍ ብቅ ያለውን ነጭ ጅማት ይዘን ስንስበው፣ የሞተው እግር ጣቶቹን ጭብጥ ያደርጋል። በዚያ እግር ታናናሾቻችንን እያስፈራራን ቤቱን እንዞረው ነበር። ለምን እንደሚጨብጥ ግን የነገረን አልነበረም። እኔ ዛሬ ለልጆቼ ትምህርቱን የምጀምረው ከዚያው ከሚጣለው እግር ነው።

ዶሮ ጣቶቿን የምታጥፍበት ዋናው ጡንቻ ጣቶቿ ላይ የለም። ያለው ከፍ ብሎ፣ ወጥ ውስጥ የምናገኘው ቅልጥም ላይ ነው። ከዚያ ሥጋ የሚነሱ ቀጫጭን ጅማቶች እንደ ገመድ ወርደው እያንዳንዱን ጣት ይይዛሉ። ሥጋው ሲኮማተር ገመዱ ይሳባል፣ ጣቱ ይታጠፋል። እኛ ልጆቹ የሠራነው የዚያን ሥጋ ሥራ ነበር።

የኛም እጅ እንዲሁ ነው። ከክርናችሁ ዝቅ ብሎ ያለውን ሥጋ በሌላው እጃችሁ ጨብጡና ጣቶቻችሁን እጠፉ፣ ዘርጉ። ሥጋው ከመዳፋችሁ ሥር ሲንቀሳቀስ ይሰማችኋል። ጣቶቻችን ውስጥ አንድም ጡንቻ የለም፤ እንጀራ የምንቆርሰው በአብዛኛው በክንዳችን ጉልበት ነው።

ሥጋው ለምን ከላይ ተቀመጠ? መዶሻን በእጀታው ይዞ ማወዛወዝና በብረቱ በኩል ይዞ ማወዛወዝ እኩል አያደክምም። ጫፉ የከበደ እግርም እንደዚያው ነው፤ ቶሎ ወዲያና ወዲህ አይልም። የጋሪ ፈረስ ስታዩ ከጉልበቱ በታች ያለውን ልብ በሉ፦ አጥንት፣ ጅማትና ቆዳ ነው። የሚቆመውም በየእግሩ በአንዲት ጣት ላይ ሲሆን፣ ኮቴው የመካከለኛዋ ጣት ጥፍር ነው። በሬ ደግሞ በሁለት ጣት ይቆማል፤ ሰኮናው የተሰነጠቀው ለዚህ ነው።

የዶሮ ጉልበት ወደ ኋላ ይታጠፋል የሚል ሰው ብዙ ነው። ያ ግን ጉልበቷ ሳይሆን ቁርጭምጭሚቷ ነው። እውነተኛው ጉልበት ከላባ ሥር ተደብቋል፤ ታፋውና ቅልጥሙ የሚገናኙበት ቦታ ነው፣ የሚታጠፈውም እንደኛው ነው። ስለዚህ ዶሮ ዕድሜዋን ሙሉ ተረከዟን አንስታ በጣቶቿ ትሄዳለች። ጅማቶቹ የሚያልፉት በዚሁ ቁርጭምጭሚት ጀርባ ስለሆነ፣ እግሯን ስታጥፍ ይወጠራሉ። ግቢ ውስጥ ስትራመድ ተመልከቷት፦ እግሯን ስታነሳ ጣቶቿ ይሰበሰባሉ፣ ስታሳርፍ ይዘረጋሉ።

ክንፉ ይበልጥ ያስደንቀኛል። ከትከሻ ጀምሮ በጣታችሁ እየዳሰሳችሁ ውረዱ። መጀመሪያ አንድ አጥንት፣ ከክርኑ በኋላ ጎን ለጎን ሁለት፣ ከዚያ የእጅ አንጓ፣ ከዚያ ጣቶች። የራሳችሁ ክንድ አቀማመጥ ይኸው ነው! ጣቶቹ ሦስት ብቻ ናቸው፣ አጥረውና ተጣብቀው፤ ከጎን ብቅ ያለችው ትንሿ አውራ ጣት ናት። እሷ ላይ የሚበቅሉ ላባዎች ወፍ ፍጥነቷን ቀንሳ ስታርፍ እንዳትወድቅ ይረዷታል። የሌሊት ወፍ ከዚያው ክንድ ሌላ ክንፍ አወጣች። ጣቶቿ እጅግ ረዝመው በመካከላቸው ስስ ቆዳ ተወጥሯል። የቢራቢሮው ክንፍ ግን አጥንት የለውም፣ ከክንድም አልመጣም፤ በስም ብቻ ነው የሚገናኙት።

አንድ ነገር ግን ለረጅም ጊዜ ግር ይለኝ ነበር። ክንፍን ወደ ታች የሚመታው ትልቁ የደረት ሥጋ ነው፤ ይህ ግልጽ ነው። ወደ ላይ የሚያነሳውስ? ጀርባዋ ላይ ብፈልግ ያለው ሥጋ ስስ ነው። መልሱ ያለው እዚያው ደረት ላይ፣ ከትልቁ ሥጋ ሥር ተኝቶ ነው። ስናበስል ለብቻው የሚላቀቀው፣ ነጭ ጅማት ያለበት ቀጭን ሥጋ እሱ ነው። ጅማቱ ሽቅብ ወጥቶ ትከሻ ላይ ባለች ቀዳዳ ያልፍና ዞሮ የክንፉን አጥንት ከላይ ይይዘዋል። ትምህርት ቤት ጠዋት ጠዋት ባንዲራ ሲሰቀል ገመዱ ወደ ታች ይሳባል፣ ባንዲራው ወደ ላይ ይወጣል። ዶሮዋም ክንፏን የምታነሳው እንዲሁ ነው። ከባዱ ሥጋ ሁሉ ከታች መሆኑ በአየር ላይ ሚዛኗን ይጠብቅላታል።

ዶሮው አሥራ ሁለት ብልት ከመውጣቱ በፊት ማየት ትችላላችሁ። የደረቱን ትልቅ ሥጋ ከአንድ ወገን ገልጣችሁ ቀጭኑን ሥጋ ከሥር አላቁት፤ በትከሻው በኩል ያለውን ጅማት ግን አትቁረጡት። ሥጋውን ይዛችሁ ወደ ሆዱ አቅጣጫ ቀስ ብላችሁ ሳቡት። ክንፉ ይነሳል።