ጥቁሯ ጊደርና ቀይ እናቷ

ከአርባ ምንጭ የሙዝ እርሻዎች ተነሥቶ ወደ ጨንቻ የሚወጣው መንገድ በእንሰት ወደ ተከበቡት የጋሞ ዞን ደጋ መንደሮች ያደርሳል። በዚያ ደጋ ከብት የሚረባው ለወተትና ለቅቤ ብቻ አይደለም፤ ፍጉ ለእንሰቱ ማሳ ሕይወት ነው። ጊደር የገዛ ቤተሰብ ወልዳ እስክትታለብ ድረስ ሊቀልባት ስለሚገደድ፣ በምርጫው ቢሳሳት ጉዳቱ ቀላል አይሆንም። እንግዲህ ሻጭ «ጥቁረቷን እዩልኝ፤ የፈረንጅ ደም አላት» ቢል ቃሉን ምን ያህል ልናምነው ይገባል?

አንዲት ቀይ የሐበሻ ላም በሆልስታይን ፍሪዥያን ኮርማ ዘር ብትዳቀል፣ ጥጃዋ አብዛኛውን ጊዜ ጥቁር ሆና ትወለዳለች። የእናትየው ቅላት ግን አልጠፋም፤ ተደብቋል። እያንዳንዱ ከብት የቀለሙን ዘረ መል በሁለት ቅጂ ይይዛል፤ አንዱን ከአባት፣ ሌላውን ከእናት። ጥቁሩን ቅጂ «ጥ»፣ ቀዩን «ቀ» እንበላቸው። ኮርማው ጥ-ጥ፣ ላሚቱ ቀ-ቀ ከሆኑ ጥጃዋ ጥ-ቀ ትሆናለች። (ሰረዙን ያስገባነው ኮርማችን «ጥጥ» ተብሎ ከዶርዜ ሸማኔ እጅ እንዳይገባ ነው።)

አንድ ጥ ብቻውን ፀጉሩን ሁሉ የሚያጠቁረው ለምንድን ነው? በፀጉር ሥር ያሉት ቀለም ሠሪ ሕዋሳት ጥቁርም ቀይም ቀለም መሥራት ይችላሉ። ትእዛዙን የሚያስተላልፈው በሕዋሳቱ ገጽ ላይ የሚገኝ ኤም ሲ ዋን አር የተባለ ተቀባይ ፕሮቲን ነው። የኖርዌይ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1995 እንዳሳዩት፣ በጥቁሩ ቅጂ አንድ አሚኖ አሲድ በመለወጡ ተቀባዩ ያለ ማቋረጥ «ጥቁር ሥሩ» ይላል። ሳያርፍ የሚጮህ አንድ አዛዥ ካለ የሌላው ዝምታ አይሰማም።

አሁን ሁለት ጥ-ቀ ከብቶች ተዳቀሉ እንበል። ከአራት አንድ ዕድል ለቀ-ቀ ይደርሳል፤ ከጥቁርና ከጥቁር ቀይ ጥጃ ትወለዳለች ማለት ነው። ይህን ያልተረዳ ባለ ላም «ሌላ ኮርማ ገብቶባታል» ብሎ ከጎረቤቱ ጋር ሊጣላ ይችላል። ሜንዴል እ.ኤ.አ. በ1866 ባሳተመው የአተር ጥናቱ ያገኘው ሦስት ለአንድ በከብቱ በረትም ይሠራልና ጠቡ መሠረት የለውም። በዚሁ ስሌት ጥርጣሬ የሚገባው ከሁለት ቀያዮች ጥቁር ጥጃ ስትወለድ ነው።

የጊደሯን ጉዳይ የሚፈታልን ግን ሌላ ድቀላ ነው። ጥ-ቀዋ ላም ተመልሳ ከቀይ የሐበሻ ኮርማ ጋር ብትዳቀል፣ ጥጆቿ ጥቁር ወይም ቀይ የመሆን ዕድላቸው እኩል ነው። ጥቁሯም ሆነች ቀይዋ የፈረንጅ ደማቸው በአማካይ ሩብ ያህል ነው! ከብት 30 ጥንድ ክሮሞሶሞች ሲኖሩት፣ የኤም ሲ ዋን አር ዘረ መል የሚገኘው በ18ኛው ላይ ነው። የወተት መጠን ደግሞ በብዙ ክሮሞሶሞች ላይ በተበተኑ ዘረ መሎች፣ በመኖና በአያያዝ ይወሰናል። ከዚህም በላይ ጥቁር የሐበሻ ከብት የፈረንጅ ኮርማ ከመምጣቱ በፊትም ነበረ። ገዢ ከፀጉሯ ይልቅ የእናቷን አስተላለብና የማዳቀል መዝገቡን ቢጠይቅ ይሻለዋል። የሆልስታይን ነጭ ቡራቡሬም ቢሆን እንደ ማስረጃ አይቆጠርም፤ በመጀመሪያው ትውልድ አብዛኛውን ጊዜ ተደብቆ ይቆያል።

ለመራቢያ የተያዘ ጥቁር ኮርማ ቀ ደብቆ እንደሆነ ለማወቅስ? ከቀይ ላሞች ጋር ማዳቀል ነው። ኮርማው ጥ-ቀ ሆኖ አምስት ጥጆች በተከታታይ ጥቁር የመሆናቸው ዕድል ከ32 አንድ ነው። ስለዚህ አምስት ጥቁር ጥጆች ጥርጣሬያችንን በእጅጉ ያቀልሉታል እንጂ ጨርሰው አያጠፉትም። አንዲት ቀይ ጥጃ ከተወለደች ግን ስድስተኛዋን መጠበቅ አያስፈልግም።