የሕፃናት ተፈጥሯዊ ጠባይ በውሳኔያቸው ላይ ያለው ድርሻ

በቂርቆስ ክፍለ ከተማ በጎተራ ኮንዶሚኒየም ቅጥር ግቢ ሕፃናት ሲጫወቱ የተመለከተ ሰው ልዩነታቸውን ለማስተዋል አይቸገርም። ኳስ ሲወረወር አንዱ ሳያመነታ ዘሎ ይገባል፤ ሌላው ደረጃው አጠገብ ቆሞ ጨዋታውን ካጠና በኋላ ነው የሚቀላቀለው። ዕድሜያቸውም ሠፈራቸውም አንድ ሆኖ የሚለያዩት በተፈጥሯዊ ጠባያቸው ነው።

የሥነ ልቦና ባለሙያዎች ተፈጥሯዊ ጠባይ የሚሉት ሕፃኑ ለአዲስ ነገር የሚሰጠውን ምላሽ ፍጥነትና ብርታት፣ እንዲሁም ራሱን የሚያረጋጋበትን መንገድ ነው። አሌክሳንደር ቶማስና ስቴላ ቼስ እ.ኤ.አ. በ1956 በኒውዮርክ በጀመሩት ጥናት ከተከታተሏቸው ሕፃናት 40 በመቶ ያህሉ በቀላሉ የሚለምዱ፣ 10 በመቶው አስቸጋሪ፣ 15 በመቶው ደግሞ ቀስ ብለው የሚለምዱ ሆነው ተገኝተዋል፤ የቀሩት በአንድ ምድብ አልተጠቃለሉም። ጄሮም ኬገን በበኩላቸው በ4 ወር ዕድሜያቸው ለአዲስ ድምፅና ዕይታ ብርቱ ምላሽ የሚሰጡ ሕፃናት በሁለተኛ ዓመታቸው ባልለመዱት ነገር ፊት ይበልጥ እንደሚያመነቱ አሳይተዋል። ሆኖም ብዙዎቹ ሲያድጉ ዓይን አፋር ሆነው አልቀሩም።

ስለሆነም ሁለት ሕፃናት በአንድ ጉዳይ የተለያየ ውሳኔ ቢሰጡ ምክንያቱ የግድ የችሎታ ብልጫ አይደለም። ፈጣኑ የሚያገኘውን ደስታ፣ የሚያመነታው የሚደርስበትን ጉዳት ያስቀድማል። መኪና በሚበዛበት የጎተራ ማሳለጫ አካባቢ ፈጣኑ በቅድሚያ ሊማር የሚገባው መቆምን ነው።

በዚህ ዘጋቢ ዕይታ ግን በአገራችን ይበልጥ የሚዘነጋው ዝምተኛው ነው። ረባሹን ሁሉም ያየዋል። ዝምተኛው "ጨዋ ልጅ" ተብሎ ስለሚመሰገን የሚበላውንም፣ የሚጫወትበትንም ትልቅ ሰው ይወስንለታል፤ ቢጠየቅም መልሱን የሚጠብቅ የለም።

ጉዳዩ የመንግሥት ሠራተኛውን በቀጥታ ይመለከታል። የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064/2010 መሥሪያ ቤቶች ሴት ሠራተኞች ሕፃናቶቻቸውን የሚያጠቡበትና የሚንከባከቡበት ማቆያ እንዲያቋቁሙ ደንግጎ ነበር። ማቆያ ሲታሰብ ቀድሞ የሚነሳው ክፍሉ፣ ፍራሹና በጀቱ ነው። አንዲት ሞግዚት ብዙ ሕፃናት ከያዘች ግን ለሚያመነታው የምትሰጠው ጊዜ አይኖራትም፤ ጎትታ ታስገባዋለች፣ አለዚያም ጥግ ላይ ትተወዋለች።

ቶማስና ቼስ ችግሩ የሚመነጨው ከጠባዩ ብቻ ሳይሆን ጠባዩና የአሳዳጊው ፍላጎት ሳይጣጣሙ ሲቀሩ መሆኑን ያስረዳሉ። መፍትሔው ወጪ የሚጠይቅ አይደለም፦ የሚሆነውን ለሕፃኑ አስቀድሞ መንገር፣ ከሁለት ነገር አንዱን እንዲመርጥ መጠየቅ፣ ከዚያም መጠበቅ። በማቆያው የመጀመሪያ ቀናት እናት ከልጇ ጋር ጥቂት ብትቆይም ይረዳዋል። ይህን የሚፈቅደው ደግሞ የቅርብ ኃላፊዋ ነው።