ወላጁ ለታሰረበት ልጅ

ወላጁ የታሰረበትን ልጅ ማን ለይቶ ያውቀዋል? ትምህርት ቤቱ አልተነገረውም። ጎረቤት ቢሰማም ዝም ይላል። አያት ነውሩን ለመሸፈን «ሌላ ከተማ ሥራ ይዟል» ትላለች። በ1999 (እ.ኤ.አ.) አሜሪካ ውስጥ እናታቸው ወይም አባታቸው በግዛትና በፌዴራል እስር ቤቶች የነበሩ ልጆች 1.5 ሚሊዮን ገደማ ነበሩ። ስማቸውን መዝግቦ የያዘ መሥሪያ ቤት ግን አልነበረም።

በፊላደልፊያ «አማቺ» የሚባለው ፕሮግራም በ2000 መገባደጃ ሲታሰብ የመጀመሪያው ችግር ይኸው ነበር። መፍትሔው ቀላል ሆነ፤ ወላጆቹን ራሳቸውን መጠየቅ። የፕሮግራሙ መሪ ሬቨረንድ ዊልሰን ጉድ ቅጽ ይዘው ወደ እስር ቤቶቹ ሄዱ። ታሳሪዎቹ የልጃቸውን ስም፣ ዕድሜውንና ከማን ጋር እንደሚኖር ሞሉላቸው። ሬቨረንዱ ደጋግመው የሚያነሡት አንድ ታሪክ አለ፤ አያት፣ አባትና ልጅ በአንድ እስር ቤት ውስጥ አግኝተዋል፤ ሦስቱ መጀመሪያ የተያዩትም እዚያው ነው።

ሰውየው ለከተማዋ እንግዳ አይደሉም። ከ1984 እስከ 1992 የፊላደልፊያ ከንቲባ ነበሩ፤ ለቦታውም የመጀመሪያው ጥቁር። ብዙ ሰው የሚያስታውሳቸው ግን በ1985 ፖሊስ «ሙቭ» በተባለው ቡድን ቤት ላይ ቦምብ በጣለበት ቀን ነው። 11 ሰዎች ሞቱ፣ ከእነሱም አምስቱ ልጆች ነበሩ፤ 61 ቤቶችም ተቃጠሉ። ከዚያ ወዲህ የሠሩት እምብዛም አይወራለትም። የኋላውን ሥራቸውን ለመረዳት ግን ወደ ልጅነታቸው መመለስ ይሻላል። አባታቸው በሰሜን ካሮላይና የሰው መሬት የሚያርሱ ገበሬ ነበሩ፤ ዊልሰን ገና ልጅ ሳሉም አባትየው ታሰሩ። ቤተሰቡ ወደ ፊላደልፊያ መጣ። የትምህርት ቤቱ አማካሪ ኮሌጅ እንዳያስቡ ሲነግራቸው፣ የሚገለገሉበት ቤተ ክርስቲያን ፓስተርና ባለቤታቸው ደግፈው፣ ገፋፍተው ኮሌጅ አስገቧቸው።

የአማቺ አሠራር የተገነባው በሁለት ተቋማት ትብብር ነው። ከተመረጡት ሠፈሮች እያንዳንዱ ቤተ ክርስቲያን 10 ያህል በጎ ፈቃደኞችና አንድ አስተባባሪ ያዋጣል። «ቢግ ብራዘርስ ቢግ ሲስተርስ» የተባለው፣ ከ1904 ጀምሮ ታላላቆችን ከታናናሾች ጋር ሲያገናኝ የኖረው ድርጅት ደግሞ ማጣራቱን ይይዛል። የወንጀል ሪከርድ ይታያል፣ ምስክሮች ይጠየቃሉ፣ ቃለ መጠይቅ ይደረጋል። ፓስተሩ «ይህንን ሰው አውቀዋለሁ» ስላሉ ብቻ የሚያልፍ ሰው የለም። ቤተ ክርስቲያን የምትተማመንበትን ሰው መመርመር ቅር ያሰኛል፤ ግን ከልጅ ጋር ብቻውን የሚቀመጥ ሰው ጉዳይ ነውና ቅር ይበል።

በጎ ፈቃደኛው ከተጣራ በኋላ የሚጠበቅበት በሳምንት አንድ ሰዓት ያህል ለአንድ ዓመት ነው። የቤት ሥራ ማየት፣ ኳስ መጫወት፣ አብሮ መብላት፣ ወሬ። ስብከት የሥራው ክፍል አልነበረም፤ ልጁን ወደ እምነት ለመሳብ መሞከርም አይፈቀድም ነበር። በዚህ ቅር የሚለው ምእመን ይኖራል፤ እኔ ግን ትክክል ይመስለኛል። ወላጁ ቅጹን የፈረመው ልጁ ሰው እንዲያገኝ ነው።

ከሁሉ በላይ የሚከብደው ዓመቱን መዝለቅ ነው። በ1995 ስለ ቢግ ብራዘርስ ቢግ ሲስተርስ የወጣ ጥናት ዕድሜያቸው ከ10 እስከ 16 የሆኑ 959 ልጆችን በዕጣ ለሁለት ከፍሎ ተከታተለ። ታላቅ ወንድም ወይም እህት የተመደበላቸው፣ ተራ ሲጠብቁ ከቆዩት ጋር ሲነጻጸሩ፣ አደንዛዥ ዕፅ የመጀመር ዕድላቸው በ46 በመቶ፣ ከትምህርት ቤት የመቅረታቸው ነገር በ52 በመቶ ያነሰ ሆኖ ተገኘ። በ2002 ያንኑ መረጃ እንደገና የተመለከቱ ተመራማሪዎች ግን የሚያሳስብ ነገር አዩ። ጥቅሙ በአብዛኛው የታየው ዓመትና ከዚያ በላይ በዘለቁት ላይ ነው። ግንኙነቱ ሦስት ወር ሳይሞላ የተቋረጠባቸው ልጆች ለራሳቸው የሚሰጡት ዋጋ ከበፊቱም ወረደ። አንድ ጊዜ ወላጅ ለተለየው ልጅ፣ ቃል ገብቶ የሚጠፋ ሁለተኛ ሰው ባይመጣ ይሻል ነበር ማለት ነው።

ቤተ ክርስቲያን ጠቃሚ የሆነችው እዚህ ላይ ይመስለኛል። ሰው ቃሉን ቢያጥፍ ድርጅት ደብዳቤ ይጽፍለታል። እሑድ ጠዋት ግን አስተባባሪዋ ከጎኑ ትቀመጥና «ልጁ እንዴት ነው?» ትለዋለች። ከዚህ መሸሽ ይከብዳል። እኛም ዘንድ የክርስትና አባት አለ፤ ከአርባ ቀኑ በኋላ የልጁን ደብተር ገልጦ ያየ ስንቱ እንደሆነ ግን እንጃ።

በዚህ ሥራ ዙሪያ የተጋነነም ነገር አልጠፋም። «ከታሳሪ ልጆች 70 በመቶው ራሳቸውም ይታሰራሉ» የሚለው አባባል ለዓመታት ተደጋግሟል፤ የሚደግፈው አስተማማኝ ጥናት ግን የለም። ልጁን ለመርዳት ተብሎ ገና ሳያጠፋ የወንጀለኛ ዕጣ ማልበስ ጥሩ ውለታ አይደለም።

ፕሬዚዳንት ጆርጅ ቡሽ በጥር 2003 ባደረጉት ንግግር ለታሳሪ ልጆችና ለሌሎች ችግረኛ ተማሪዎች መካሪ የሚያገናኝ የ450 ሚሊዮን ዶላር ዕቅድ ካቀረቡ በኋላ የፊላደልፊያው አሠራር በብዙ ከተሞች ተኮረጀ። ከዓመታት በኋላ ግን ለዚሁ ዕቅድ ይሰጥ የነበረው የፌዴራል በጀት ቆመ። የበጎ ፈቃደኛው ሰዓት በነፃ ነው፤ ሪከርዱን የሚያጣራው፣ በየወሩ ለአያት ደውሎ «መጣ ወይ?» የሚለው ሠራተኛ ግን ደመወዝ ይፈልጋል። በጀቱ ሲደርቅ መጀመሪያ የሚጎድለውም ይህ የስልክ ጥሪ ነው።