የጠላቂ የአየር ቦምቦላ በማን ይመርመር?

እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በ1943 ዓ.ም. ዣክ ኢቭ ኩስቶና ኤሚል ጋኛን ጠላቂ አየሩን በጀርባው ተሸክሞ የሚተነፍስበትን መሣሪያ ከሠሩ ወዲህ፣ የቀይ ባሕር ጥልቀት ለብዙዎች ተከፍቷል። ዳሩ ግን የጠላቂው ሕይወት ያረፈው በብረቱ ቦምቦላ ላይ ነው። 200 ጊዜ ያህል የታመቀ አየር የያዘ ዕቃ ቢሰነጠቅ ይፈነዳል፤ እርጥበት ገብቶበት ቢዝግም ዝገቱ ኦክሲጅኑን ይበላዋል፤ ጠላቂውም ሳይታወቀው ራሱን ይስታል።

እንግዲህ ማን ይመርምረው? በውጭ ያለውን ስርጉደት፣ ዝገትና የፈተናውን ቀን ዘወትር መመልከት የባለቤቱ ግዴታ ነው። ውስጡን ግን አየሩን አስወጥቶ፣ ቫልቩን ፈትቶ፣ በመብራት አይቶ መፍረድ የሠለጠነ መርማሪ ፈንታ ነው። በአሜሪካ ልማድ ይህ በየዓመቱ፣ የውሃ ግፊት ፈተናው ደግሞ በሕግ በየ5 ዓመቱ ይፈጸማል። ነጋዴ ሚዛኑን ራሱ መርምሮ ራሱ ማኅተም እንደማያደርግበት ሁሉ፣ ጠላቂም ለገዛ ዕቃው ምስክር መሆን አይገባውም።